ዘር ቆጣሪው አቶ ሙላቴ ያልቆጠሯቸው ዐይኖች

በዚህ አስከሬን ዙሪያ የቆማችሁ ዘመዶች፣ ጎረቤቶች፣ የዕድር አባላት፣ ከሐሙሲትና ከአዲስ ዘመን ድረስ መንገድ አቋርጣችሁ የመጣችሁ ለቀስተኞች፤ ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ቁጥር ይነገራችኋል። ቁጥሩ ስድሳ ሁለት ነው። በ1998 ዓ.ም. በኅዳር ወር ከአቶ ተገኘ ዘር በሕይወት የነበሩት ሠላሳ አንድ ነፍስ ነበሩና ዐይኖቻቸው ስድሳ ሁለት ነበሩ። እነዚህ ስድሳ ሁለት ዐይኖች በአንድ ሰው አንደበት ላይ ተንጠልጥለው የዋሉበት ቀን ነበረ፤ ዛሬ የምንሸኛቸው አቶ ሙላቴ ፈረደ ያ ሰው ነበሩ። ዜና ሕይወታቸው ከዚህ ቁጥር እንዲጀምር፣ የሚያሳፍረውም እንዳይዘለልና እንዳይለሳለስ፣ አንደበታቸው ሳይታሰር ተናዘዋል። የሟች ቃል ነውና ይፈጸማል።

አቶ ሙላቴ ከአባታቸው ከአቶ ፈረደ አየነውና ከእናታቸው ከወይዘሮ ውዴ ተገኘ በ1943 ዓ.ም. በፋርጣ፣ ከጉና ተራራ ግርጌ፣ ገብስና ድንች እንጂ ጤፍ በማይደፍረው ብርዳም ቀበሌ ተወለዱ። ከታላቅ ወንድማቸው ከአቶ ሞላ ጋር ከአንድ ጎጆ አድገው፣ ፊደል ቆጥረው፣ ዳዊት ደግመው፣ ድቁና ተቀብለው ጥቂት ዓመታት ቀደሱ። ለዕድሜ ልክ የሆናቸውን ትምህርት ግን ያገኙት ከእናታቸው አባት ከአቶ ተገኘ ነው። አቶ ተገኘ በጎልማሳነታቸው ማብቂያ ዐይናቸው ጠፍቶ ከመደብ ላይ የዋሉ፣ የገባውንም የወጣውንም በድምፁ ለይተው የማን ልጅ፣ የማን የልጅ ልጅ መሆኑን እስከ ሰባት ቤት የሚያወርዱ ሰው ነበሩ። የልጅ ልጃቸው ከጎናቸው ሆነው ከአባት ወደ አያት፣ ከአያት ወደ ቅድመ አያት፣ ከዚያም ወደ ምንዝላት እየወጡና እየወረዱ ይህን ቆጠራ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃላቸው ያዙት።

በዚህ አገር ልጅ የሚያጋባ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ሁለቱ ወገን ሰባት ቤት ይቆጥራል፤ ሥጋ ከሥጋ እንዳይገናኝ። አቶ ሙላቴ ገና ሠላሳ ዓመት ሳይሞላቸው ከደብረ ታቦር እስከ ጋይንት የሚጠሩ ዘር ቆጣሪ ሆኑ። እሳቸው ይጋባሉ ካሉ ድግስ ይደገሳል፤ አይጋቡም ካሉ የተጠመቀው ጠላ ለሌላ ነገር ይጠጣል። ለዚህ ሥራ ዋጋ ተቀብለው አያውቁም። ሙላቴ የቆጠረው ዘር እንኳን ሰው ፍየል አይጎድለውም እየተባለ ይቀለድ ነበር። ቀልዱ ያኮራቸው ነበር፤ በኋላ ግን ይህ ቀልድ በሰሙት ቁጥር ፊታቸውን የሚያዞሩበት ነገር ሆነ።

በ1964 ዓ.ም. ከወይዘሮ አበበች ጋር በተክሊል ተጋብተው ትርንጎን፣ ትዕግሥትንና ሲሳይን ወለዱ። መንግሥት ከተለወጠ በኋላ፣ በ1986 ዓ.ም.፣ መሬታቸውን ለአራሽ በእኩል ሰጥተው ወደ ደብረ ታቦር ወጡና ከገበያው በላይ የእህል መጋዘን ከፈቱ። በሚዛን የማይቀሽቡ፣ የተበደሩትን በቀኑ የሚመልሱ ነጋዴ እንደነበሩ ጎረቤታቸው ሐጂ ኢብራሂም እዚህ ቆመው ይመሰክራሉ። እናታቸውን ወይዘሮ ውዴንም ከገጠር አምጥተው ከቤታቸው አኖሯቸው። ወይዘሮ ውዴ በዚያን ጊዜ ሁለቱም ዐይኖቻቸው ጠፍተው ነበር። ሐሙሲት ወርደው ይኖሩ የነበሩት ታላቅ ወንድማቸው አቶ ሞላም ገና በአርባ አምስት ዓመታቸው ማየት አቁመው ነበር።

አያት፣ እናት፣ ወንድም። ሰባት ቤት የሚቆጥር ሰው ሦስት ቤት መቁጠር አያቅተውም። አቶ ሙላቴ የአያታቸው ዐይን በዘር እንደሚወርድ ያውቁ ነበር፤ በቤቱም ውስጥ በሹክሹክታ የተገኘ ቤት ዐይን ተብሎ ይጠራ ነበር። ነገር ግን በእኛ አገር በዘር የሚወርድ በሽታ አለበት የተባለ ቤት ሴት ልጁ ትቀመጣለች፣ ወንዱም ከሩቅ አገር ካልሆነ ሚስት አያገኝም። ስለዚህ የቤቱ ሰዎች ለጠየቃቸው ሁሉ የዐይን ማዝ ነው ይሉ ነበር። የዐይን ማዝ ዝንብና አቧራ የሚያመጣው፣ በየቤቱ ያለ፣ ሽፋሽፍቱን በወረንጦ የማያስነቅል አሮጊት የማይገኝበት የሁሉም በሽታ ነውና ማንንም አያሳፍርም። የዘሩን በሽታ በዝንቡ በሽታ ሸፈኑት።

በ1998 ዓ.ም. መስከረም ላይ የሐሙሲቱ ነጋዴ አቶ ሞገስ ለልጃቸው ትዕግሥትን ለማጨት ሽማግሌ ላኩ። ቤቱ የተከበረ፣ ልጁም የተማረ ስለነበር አቶ ሙላቴ ደስ አላቸው፤ ሰባት ቤት ተቆጥሮ ሥጋ አለመኖሩ ተረጋገጠ፤ ሠርጉም ለጥር ተቆረጠ። በዚያው ኅዳር የዐይን ማዝ ዘመቻ ሐኪሞች በየቀበሌው ሲዞሩ ከመካከላቸው ዶክተር ሕይወት የሚባሉ ወጣት የዐይን ሐኪም፣ ከዐይን ማዝ ሌላ፣ በዘር ስለሚወርድ የዐይን ግፊት በሽታ፣ ግላኮማ ስለሚሉት፣ የሚያጠና ቡድን አባል ሆነው ደብረ ታቦር ገቡ። ብዙ ዘመድ ያለውና ቆጠራው የታወቀ ቤት እንፈልጋለን ሲሉ የከተማው ሰው ሁሉ እጁን ወደ አንድ በር ጠቆመ። ዘር የሚያውቅ ሙላቴ ነው።

ሐኪሟ መምጣታቸው በተሰማ በማግስቱ አቶ ሙላቴ እናታቸውን ለጠበል ነው ብለው በሚኒባስ አሳፍረው አዲስ ዘመን አወረዷቸው፤ ከዚያም ከጣራ ገዳም ግርጌ ከአንዲት መነኩሲት ቤት አስቀመጧቸው። ወይዘሮ ውዴ ለምን እንደሚሄዱ አልተነገራቸውም፤ መጠየቅም አላስፈለጋቸውም። ልጃቸው ነጠላቸውን አስተካክለው ሊነሡ ሲሉ እጃቸውን ይዘው እንዲህ አሏቸው፦ «እኔን ትሸሽጋለህ፣ እሺ። ለልጆችህ ያወረስሁትን የት ትሸሽገዋለህ?» አቶ ሙላቴ ይህን ቃል ለማንም ሳይናገሩ ዐሥራ አንድ ዓመት ተሸከሙት።

ዶክተር ሕይወት ከአቶ ሙላቴ መጋዘን፣ ከእህል ጆንያ ላይ ተቀምጠው፣ ጉዳዩን በሚገባ አስረዱ። ግላኮማ ሳያምም፣ ሳያቀላ፣ ከዐይን ዳርና ዳር ጀምሮ ብርሃንን እንደሚበላና መሐሉን ለመጨረሻ እንደሚተው፤ የበላውንም እንደማይመልስ፤ በጊዜ ከተገኘ ግን በየዕለቱ በሚንጠባጠብ መድኃኒት ወይም በቀዶ ሕክምና እንደሚገታ ተናገሩ። የዓለም ሊቃውንት በሽታው ሰብሰብ ብሎ የሚወርድባቸውን ትልልቅ ቤቶች እየፈለጉ፣ ደማቸውን እያነጻጸሩ፣ ከአባትና ከእናት ወደ ልጅ ከሚተላለፈው ጽሑፍ፣ ዘረ-መል ከሚሉት፣ የትኛው ቃል እንደተበላሸ በማግኘት ላይ መሆናቸውን ነገሯቸው። እንዲህ ያለ ቤት ከተገኘ ከአያት እስከ ልጅ ልጅ ያለውን ሰው ሁሉ ዐይን ቡድኑ ያለ ክፍያ ይመረምራል፤ የታመመውንም ያክማል። ከዚያም ወረቀት አወጡ። ለወንድ አራት ማዕዘን፣ ለሴት ክብ ይሣላል፤ ዐይኑ በዚህ በሽታ የጠፋ ሰው ምልክቱ ይጠቁራል፤ ጤነኛው ነጭ ሆኖ ይቀራል።

አቶ ሙላቴ ሠላሳ አንዱን ሰው ሳይሳሳቱ ሊቆጥሩ የሚችሉ ብቸኛ ሰው ነበሩ፤ ቆጠሩም። አያታቸው በእርጅና እንደ ማንም ሽማግሌ ፈዘዙ አሉ። አቶ ሞላ የዐይን ማዝ እንደያዛቸው ተናገሩ። ሐኪሟ ስለ እናታቸው ሲጠይቁ ግን ዐይናቸው ደኅና ነው ቢሉ ሐኪሟ ልያቸው ሊሉ ነው፣ ጠፍቷል ቢሉ ነገሩ ያልቃል። በሰባ ሰባቱ ክፉ ቀን አርፈዋል አሉ። ያን ቀን ወይዘሮ ውዴ በጣራ ገዳም ግርጌ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ነበር። ወረቀቱ ከላይ እስከ ታች ነጭ ሆኖ ተዘጋ፤ ሐኪሟም አመስግነው፣ እንዲህ ያለውን ቤት ሌላ አገር ለመፈለግ ሄዱ።

በጥር ሠርጉ ሆነ። ያማረ ሠርግ ነበር፤ የተቀመጠው ሰውና የታረደው በሬ ዛሬም ይነገራል። ወይዘሮ ውዴ ግን በልጅ ልጃቸው ሠርግ አልተገኙም። ጠበሉን አቋርጠው መምጣት አልፈቀዱም ተባለ። ከዚያ በኋላም ቤታቸው አልተመለሱም፤ ሁለት ዓመት ከመነኩሲቷ ጋር ኖረው በ2000 ዓ.ም. እዚያው አረፉ፤ መቃብራቸውም እዚያው ነው። አቶ ሞላም በ2003 ዓ.ም. በሐሙሲት ዐረፉ።

ከሠርጉ በኋላ ባሉት ዓመታት አቶ ሙላቴ በከተማው ኩራተኛ የሚል ስም ወጣላቸው። በመንገድ ከግራም ከቀኝም ባርኔጣ ተነሥቶላቸው፣ እጅ ተነሥቶላቸው ሳይመልሱ ያልፉ ጀመር። ሰላምታ መንፈግ በእኛ ዘንድ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። አንዳንዱ ተቀየማቸው፤ አንዳንዱም ያልሰማነው ሹመት አለ ወይ እያለ አፌዘባቸው። ነገሩን ያስተዋሉት ጨርቅ ነጋዴው ሐጂ ኢብራሂም ነበሩ። አንድ ቀን ከመጋዘኑ ደጃፍ ቆመው፣ ከፊት ስመጣ ከገበያው ማዶ ሆነው በስሜ ይጠሩኛል፣ ከጎን ስመጣ ግን ትከሻዎን ብነካዎ እንኳ ይደነግጣሉ፤ ይህ ኩራት አይመስለኝም፣ ሐኪም ይየው ብለው መከሯቸው። አቶ ሙላቴ የዐይን ሞራ ነው፣ ሞራ ደግሞ ሳይበስል አይገፈፍም ብለው መለሱ። ሞራ እንዳልሆነ ያውቁ ነበር። ሞራ እስኪበስል ሲጠብቁ ብርሃኑ እንደ ሸንበቆ ቀዳዳ ጠበበ፤ በ2007 ዓ.ም. ጨርሶ ጠፋ።

ልጃቸው ሲሳይ በዚያን ጊዜ ከደብረ ታቦር ሐሙሲት፣ ከሐሙሲት ባሕር ዳር የሚመላለስ የሚኒባስ ሾፌር ነበር። መንጃ ፈቃድ ሲያወጣ ከግድግዳ ላይ ያሉትን ፊደሎች እስከ ታችኛው ረድፍ አንብቧል፤ የመሐል ዐይኑ ገና ደኅና ነበርና። በአንድ የገበያ ቀን፣ ሊመሽ ሲል፣ ሐሙሲት መግቢያ ላይ ጤፍ የጫነች አህያ ከጎን ገብታበት ገጭቶ ገደላት። በሽማግሌ ተይዞ ሲጠየቅ የሰጠው መልስ ከየት እንደመጣች አላየሁም የሚል ብቻ ነበር፤ ባለ አህያው ጤፉ የተጫነው እንደ ድንኳን በነጣ ጆንያ መሆኑን እያሳየ ሳቀበት። ሌላ ጊዜ ደግሞ የነዳጅ ማደያ ምሰሶ ገጨ። በሦስተኛው መኪናውን ለባለቤቱ አስረክቦ ቤቱ ገባ። በ2009 ዓ.ም. አባትና ልጅ እጅ ለእጅ ተያይዘው ባሕር ዳር ለምርመራ ሄዱ፤ ልጁ አባቱን ይመራል፣ አባት ደግሞ ልጃቸው ከጎን የሚመጣውን ሰው ሲገፋ ይቅርታ ይጠይቁለታል።

ሲሳይን የመረመሩት ሐኪም ግፊቱን ለኩ፤ የዐይኑን ጀርባ አዩ፤ የቀኙ ዐይን እንደጠፋ፣ ከግራውም የቀረው መሐሉ ብቻ እንደሆነ ነገሩት። ከዚያም በቤተሰቡ ዐይኑን ያጣ ሰው እንዳለ ጠየቁት። ሲሳይ የለም አለ። ሴት አያቱ ዐይነ ስውር እንደነበሩ ያውቃል፤ አባቱ አጠገቡ ዐይነ ስውር ሆነው ተቀምጠዋል፤ እሱ ግን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ከአባቱ የተማረውን መለሰ። የአባቴ የዐይን ማዝ ነው አለ። አቶ ሙላቴ የገዛ ውሸታቸውን ከልጃቸው አፍ ሲሰሙ፣ የሐኪሟን ድምፅ ለዩ። አያታቸው ሰውን በድምፅ መለየት አስተምረዋቸው ነበር።

«ዶክተር ሕይወት፣» አሉ፣ «ልጁ የዋሸው የኔን ውሸት ነው። እናቴ ዐይኗ ጠፍቶ በሕይወት ሳለች ሞታለች ብዬ የነገርሁዎት እኔ ነኝ።»

ሐኪሟ ወንበራቸውን አስጠግተው ተቀመጡ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር ሲሉ አቶ ሙላቴ ኋላ ተናግረዋል። በምርምሩ ስም ለማንም እንደማይነገር፣ በወረቀቱ ላይ እያንዳንዱ ሰው በቁጥር ብቻ እንደሚታወቅ ሐኪሟ አስረዷቸው፤ ይህን አቶ ሙላቴ በ1998 ዓ.ም. ቢጠይቁ ኖሮ ሊያውቁት ይችሉ ነበር። አልጠየቁም። ምርምሩም በዐሥራ አንድ ዓመት ውስጥ መንገዱን ቀይሮ ነበር። ቀድሞ በአንድ ቤት ውስጥ የተበላሸውን አንድ ቃል ይፈልጉ የነበሩት ሊቃውንት፣ አሁን ከብዙ አገር የብዙ ሺህ ሰው ደም ሰብስበው ጥቃቅን ልዩነቶችን እያነጻጸሩ ነው፤ አብዛኛው ግላኮማ እያንዳንዳቸው ጥቂት ከሚገፉ ብዙ ልዩነቶች ተደማምሮ እንደሚመጣ ደርሰውበታልና። በዚያ ትልቅ ክምር ውስጥ ግን በሽታው የሚበረታበት የአፍሪካ ሰው ደም እጅግ ጥቂት ነው፤ ለሌላው የተገኘው ለእኛ ሙሉ በሙሉ አይሠራም። ስለዚህ ቆጠራው የታወቀ ቤት ዛሬም ይፈለጋል። የሚያሳዝነው፣ ከሁሉ ይበልጥ ይናገር የነበረው የሽማግሌዎቹ ደም ነበር፤ የወይዘሮ ውዴና የአቶ ሞላ ደም ግን አፈር ገብቷል።

አቶ ሙላቴ ደብረ ታቦር ሲመለሱ ነገሩን ለባለቤታቸው ለወይዘሮ አበበች ነገሩ። ወይዘሮ አበበች አማታቸው ከተወሰዱበት ማግስት ጀምሮ እስኪያርፉ ድረስ ስንቅ እየቋጠሩ ጣራ ገዳም ይልኩ እንደነበር፣ ነገር ግን አንድ ቀን እንኳ ለምን ተብለው ተጠይቀው እንደማያውቁ ተናገሩ። ከዚያም አቶ ሙላቴ ልጃቸው ትዕግሥት እየመራቻቸው ሐሙሲት ወርደው ከአቶ ሞገስ ቤት ደረሱ። ቁጭ በሉ ቢባሉ አልቀመጥ ብለው፣ ምሰሶውን ተደግፈው ቆመው፣ ዘራቸውን እንደሸሸጉና ልጃቸውን በሽፍንፍን እንደዳሩ ተናዘዙ። ሙሽራይቱም እንደ አባቷ ትሆን ይሆናል፣ የተወለዱትም እንዲሁ፤ ቢያባርሯት አልከራከርም አሉ።

አቶ ሞገስ ነጋዴ ናቸውና ነገር ቶሎ አይወጣቸውም። ቃላቸውን መዝነው እንዲህ አሉ፦ «አቶ ሙላቴ፣ ባለቤቴ ከሠርጉ በፊት ለጠበል ጣራ ገዳም ሄዳ ከእናትዎ ጋር በአንድ ሰሌን አድራለች። የማን እናት እንደሆኑ የነገሯት እሳቸው ናቸው። ሙሽራዋን ወደ ቤታችን መርቀው የላኩልን እሳቸው ናቸው። እኛ የጠበቅነው እርስዎ እስኪነግሩን ነበር።»

ይህ ቃል ከዚያ ቀን ጀምሮ በአቶ ሙላቴ ጆሮ ውስጥ ቀረ። አማቾቹ ያውቁ ነበር። ጎረቤቱ ያውቅ ነበር። ዛሬ እዚህ ከቆምነው የቤቱ ሽማግሌዎች ውስጥ የማያውቅ አልነበረም፤ ሁላችንም በይሉኝታ ዝም ብለን ነበር፤ ይህም ኀፍረት በሟች ብቻ ላይ የሚወድቅ አይደለም። ምስጢሩ ያልደረሳቸው አንድ ሰው ቢኖሩ፣ ሊያድኑን የመጡት ሐኪም ብቻ ነበሩ።

አቶ ሙላቴ የቀራቸውን ዕድሜ ለአንድ ሥራ ሰጡት። በማኅበር ቀን፣ ጽዋው ከመዞሩ በፊት፣ ቆመው የተገኘን ቤት ከላይ እስከ ታች ጮክ ብለው ቆጠሩ፤ ዐይኑ የጠፋውን ሁሉ በስሙ ጠሩ። ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላ ሸፈኑ። ሁለት ሰዎች ተነሥተው ወጡ፤ ከነዚያ አንዱ የእሱን ልጅ ሊያጭ የመጣ ሽማግሌ በሩ ላይ ቆሞ ሲሰማ እንዳገኘ ተነግሯል። አቶ ሙላቴ ግን አላቋረጡም። ከዚያም ዶክተር ሕይወት ከሐኪሞቻቸው ጋር ደብረ ታቦር መጥተው አዲስ ወረቀት ዘረጉ። የአያታቸው ማዕዘን ጠቆረ፤ የአቶ ሞላ ጠቆረ፤ ወደ ወይዘሮ ውዴ ክብ ሲደረስ አቶ ሙላቴ እርሳሱን ስጡኝ አሉ። ሐኪሟ እጃቸውን ክቡ ላይ አሳረፉላቸው። የእናታቸውን ክብ ራሳቸው አጠቆሩ፤ ስለማያዩም ጥቁሩ ከመሥመሩ ወጥቶ የጎረቤቱን የራሳቸውን ማዕዘን ነካ። እንዳይጠፋ፣ እንዲሁ እንዲቀር አዘዙ።

ከዚያ በኋላ ለአንድ ሳምንት የተገኘ ቤት ሰው ከፋርጣም፣ ከሐሙሲትም፣ ከባሕር ዳርም እየመጣ አገጩን ከመመርመሪያው ላይ አሳረፈ። አቶ ሙላቴ በየማለዳው ከበሩ አጠገብ ወንበር አስወጥተው ተቀምጠው የገባውን በድምፁ እየለዩ፣ የማን ልጅ መሆኑን ለጸሐፊው ይናገሩ ነበር። የአቶ ሞላ ልጅ ወይዘሮ ፈንታነሽ ሁለቱም ዐይኖቿ ጠፍተው ተገኘች፤ እሷም እንደ አጎቷ ሞራ እስኪበስል ስትጠብቅ ነበር። በሽታው እንዳለባቸው የማያውቁ አራት ሰዎች ተገኙ፤ ከአራቱ አንዷ ትዕግሥት ነበረች። ሲሳይ በግራ ዐይኑ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት የቀረው ብርሃን ቆመለት። የተወሰደው ደም ወደ ምርምር ቦታ ሄደ። ከሁለት ዓመት በኋላ የመጣው መልስ እስካሁን በሚታወቁት ዘረ-መሎች ላይ በዚህ ቤት ብልሽት አለመገኘቱን፣ ፍለጋው ግን መቀጠሉን ይናገራል። አቶ ሙላቴ ይህን ሲሰሙ፣ ስሙ ያልተገኘ ሰው አለ ማለት ነው፣ ይቆጠራል እንጂ አይተውም አሉ።

ባለፈው ክረምት ልባቸው ደክሞ አልጋ ያዙ። በደብረ ታቦርና በባሕር ዳር ታክመው፣ ሥጋ ወደሙ ተቀብለው፣ ጥር 14 ቀን 2012 ዓ.ም. በስድሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ዐረፉ። ከማረፋቸው በፊት ሁለት ነገር ተናዘዋል። አንደኛው ይህ ንባብ ነው። ሁለተኛው ተዝካራቸውን የሚመለከት ነው፤ በአርባ ቀናቸው ዘመድ ሁሉ ከያለበት እንደሚሰበሰብ ስለሚያውቁ፣ በዚያ ቀን ሐኪሞቹ ከደጀ ሰላሙ አጠገብ መመርመሪያቸውን ይዘው እንዲቀመጡ ከዶክተር ሕይወት ጋር ተስማምተዋል። ከተገኘ ቤት የሆነ ሰው ዐይኑ ሳይታይ ከተዝካሩ እንዳይቀምስ አዘዋል። የቤቱ ሽማግሌዎች ከበሩ ቆመን እናስፈጽማለን።

አቶ ሙላቴ ትተዋቸው የሄዱት እንደ ልማድ በስም ብቻ አይዘረዘሩም፤ እንደ ኑዛዜያቸው እንዲህ ይቆጠራሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ አበበች፣ ከሌላ ቤት የመጡ ናቸውና ዐይናቸው ደኅና ነው። የበኩር ልጃቸው ትርንጎ፣ ተመርምራ ንጹሕ ሆና ተገኝታለች፤ በየዓመቱ ትታያለች። ሁለተኛይቱ ትዕግሥት፣ በሽታው ተገኝቶባታል፣ ጠዋትና ማታ መድኃኒቷን ታንጠባጥባለች፣ ታያለች። ሦስተኛው ሲሳይ፣ በአንድ ዐይኑ በሸንበቆ ቀዳዳ ያህል ያያል፤ ዛሬ የአባቱን መጋዘን ይዟል። የወንድማቸው ልጅ ፈንታነሽ አታይም። ከ1998 ዓ.ም. በኋላ የተወለዱ ዘጠኝ የልጅ ልጆችና የዘመድ ልጆች ገና ናቸው፤ በየዓመቱ ይመረመራሉ፣ ይህንም የማጓደል መብት ማንም ወላጅ የለውም።

እንግዲህ ሒሳቡ ይዘጋ። ከስድሳ ሁለቱ ዐይኖች አራቱ ሐኪሟ ሲመጡ ቀድሞ የጠፉ፣ የወይዘሮ ውዴና የአቶ ሞላ ነበሩ። በሽሽጉ ዐሥራ አንድ ዓመት አምስት ጠፉ፤ ሁለቱ የአቶ ሙላቴ፣ ሁለቱ የፈንታነሽ፣ አንዱ የሲሳይ። የሲሳይ ሌላው ዐይን እንደሚታየው ቀረ። ስምንት ዐይኖች በሽታው ተገኝቶባቸው በጊዜ ስለተያዙ ያያሉ። በአርባ አራቱ በሽታው አልታየባቸውም። በትርፍ በኩል አንድ ሠርግ ይጻፋል፤ ያ ሠርግ ደግሞ እውነቱ ቢነገርም ይሆን የነበረ ሠርግ ነው፤ ስለዚህ በትርፍ በኩል የሚጻፍ የለም። በመጨረሻው ሦስት ዓመት እውነቱን በመቁጠራቸው የተረፉት ስምንት ዐይኖች ግን የእሳቸው ናቸው፤ እነሱም ዛሬ ከአስከሬናቸው ፊት እያለቀሱ ነው።

እናታቸውን ከሕያዋን መካከል አንሥተው ከሙታን ጋር የቆጠሩትን አገልጋይህን፣ አቤቱ፣ አንተ ከሙታን መካከል አንሥተህ ከሕያዋን ጋር ቁጠራቸው። አሜን።